የምሥራቁ ወረፋ

ተግባራዊ ሒሳብን በጉዳይ ጥናት ማስተማር ተማሪው አስቀድሞ እንዲሳሳት ማድረግን ይጠይቃል። ከኑሮ አንድ ጉዳይ ይመረጣል፤ ቁጥሮቹ እውነተኛ ይሆናሉ፤ ጥያቄው ያጥራል። ተማሪው የሚያውቀውን ቀመር ይዞ በፍጥነት አንድ መልስ ላይ ይደርሳል፤ መልሱም በስሌቱ ትክክል፣ በፍርዱ ስሕተት ይሆናል። የመምህሩ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ጠመኔውን ሳያስቀምጥ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ጥያቄው አንዱንም ቁጥር ሳይነካ የሁሉንም ትርጉም ይገለብጣል። ጉዳዩ በሚገባ የተሠራ ከሆነ ተማሪው ያቺን ቅጽበት ዕድሜ ልኩን አይረሳትም።

የምጽፈው ስለ አንድ ያልረሳ ተማሪ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እንዴት ሱዳን እንደገባሁ እዚህ አልተርክም። በዚያ ዘመን የወጣ ሁሉ የሚተርከው ያንኑ ነው፤ የእኔ የሚለየው ቆላውን በከተማ ጫማ በማቋረጤ ብቻ ነው። የኖርኩበት ካምፕ ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ማሽላና ሰሊጥ በሚዘራበት ጥቁር መሬት ላይ የተሠራ ነበር። ማንም ሳይከፍለው ለሁለት ተከፍሏል። በምዕራቡ ወገን ቀደም ብለን የገባነው ነበርን፤ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከጦር ሜዳ የኮበለሉ ወታደሮች፣ ጥቂት ነጋዴዎች። ጎጆዎቻችን አጥር ነበራቸው፤ አንዳንዱ ከጓሮው ባሚያ ዘርቶ ነበር። በምሥራቁ ወገን ረሃቡ ያመጣቸው ሰፍረዋል። በመተማ ወርደው፣ ባሱንዳን አቋርጠው፣ ከመንገድ የተረፉት በየቀኑ ይገቡ ነበር። ከገቡትም ውስጥ ብዙዎቹ እዚያው ይሞቱ ነበር፤ አስቀድሞ ሕፃናቱ፣ ቀጥሎ እናቶቹ።

በየወገኑ አንድ አንድ የብረት ታንከር ተተክሏል። ውኃ ጫኝ ሎሪ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይሞላዋል፤ ሰው ከሥሩ ካሉት ቧንቧዎች ይቀዳል። ታሪኬ ከሁለቱ ስለ አንደኛው ታንከር ነው፤ የምሥራቁ ታንከር በቦታው ይቆይ ወይስ ይነሣ በሚለው ላይ።

ትምህርታቸውን ያቋረጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስቤ ማስተማር የጀመርኩት ከገባሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ክፍላችን ሱዳኖቹ ረኩባ የሚሉት የሣር ዳስ ነበር። ሰሌዳችን ተሰንጥቆ የተዘረጋ የዘይት በርሜል ሲሆን ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል፤ ከቀትር በኋላ ስለሚግል በጠመኔ የሚጽፍ ሰው እጁን ሳያስነካ መጻፍ ነበረበት። መጽሐፍ አልነበረንም። የማስተምረው ከማስታወሻዬ ሳይሆን ከራሴ ነበር፤ ምሳሌዎቹንም ከአካባቢው እወስድ ነበር። የሎሪዎችን መመላለስ፣ የማሽላ ከረጢቶችን አደራደር፣ የአጨዳ ሠራተኞችን ድልድል ሁሉ ወደ ጉዳይ ጥናት ቀየርኩ። በሀገሬ ሳስተምር የውጭ ሀገር ፋብሪካዎችን ጉዳይ ከመጻሕፍት እቀዳ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ የረኩባው ጉዳዮች ይሻሉ እንደነበር ዛሬም እመሰክራለሁ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ የምህንድስና ተማሪ ነበር። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ሲያስብ ታችኛውን ከንፈሩን የሚነክስ። ገዳሪፍ ሱቅ ካለው አጎቱ ዘንድ ቆይቶ ስለነበር ዐረብኛውን እንደ ሀገሬው ይናገር ነበር። ምሳ ብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር ይበላል። የገበያ ዐረብኛዬን ሲሰማ ፊቱን በእጁ ይሸፍን ነበር።

«እትዬ፣ በዚህ ዐረብኛዎ ሽንኩርት ብለው ነጭ ሽንኩርት መግዛትዎ አይቀርም» አለኝ አንድ ጊዜ።

«ነጭ ሽንኩርትም ይበላል።»

«እሺ፣ ግን ለቁም ነገር የሆነ ጊዜ እኔን ይጥሩኝ። እኔ ላስተርጉምልዎ።»

ይጠራም ነበር፤ ያስተረጉምልኝም ነበር። ለሐኪሙ፣ ለፖሊሱ፣ ለባለ ሱቁ የእኔ ድምፅ እርሱ ነበር። አንዲት ቃል ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ሞክሬ አላውቅም።

የወረፋውን ጉዳይ ያዘጋጀሁት በበጋው መጨረሻ ነው። ተማሪዎቹ በሁለት ተከፍለው በሁለቱም ታንከሮች ዘንድ ከጠዋት እስከ ቀትር እየቆሙ፣ በተመሳሳይ ሰዓት በወረፋው የቆመውን ሰው ቆጠሩ። ያመጡት ቁጥር የማያሻማ ነበር፤ የምዕራቡ ወረፋ ረጅም፣ የምሥራቁ ግማሹን እንኳ የማይሞላ። በሰሌዳው ላይ ጥያቄውን እንዲህ ጻፍኩ፦ ከሁለቱ ታንከሮች አንዱን ማንሣት ግዴታ ቢሆን የትኛው ይነሣ? የቀረው ወረፋስ ምን ያህል ይረዝማል? ማንም ታንከር ሊያነሣ አላሰበም ነበር። ተማሪ አንዱን ለመምረጥ ካልተገደደ ሁለቱንም እያወደሰ ይቀመጣልና ጉዳይ ሲጻፍ ምርጫ ይገባበታል፤ የተለመደ አሠራር ነው።

ረጅሙ ተማሪዬ ቀድሞ ተነሣ። የመምጫውን ፍጥነት፣ የመቅጃውን ፍጥነት፣ አማካይ ቆይታውን በሁለት እርምጃ አወጣ። «የምሥራቁ ይነሣ» አለ። «የምዕራቡ ወረፋ የሚረዝመው በጥቂቱ ነው።»

«አንተ ምን ቸገረህ፣ ቤትህ ምዕራብ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁና ጥያቄዬን ጠየቅሁ። «ወረፋው ውስጥ የሌለው ማን ነው?»

ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ «እትዬ፣ ሄጄ ልየውና ልመልስ?» አለ። ከአንድ ተማሪ ልሰማ የምመኘው ይህንኑ ነበር፤ ፈቀድኩለት።

በምሥራቁ ወረፋ ዘንድ ሥርዓት የምታስይዘው አንዲት የደምቢያ ሴት ነበረች። ድምፅዋ ከሎሪው ሞተር በላይ ይሰማል። ጀሪካን ያስቀደመውን ታስመልሳለች፣ የተጣሉትን ታስታርቃለች፣ ሰነፉን ትሰድባለች። ተማሪዬ እየሄደ አጠገቧ መቆም ጀመረ። እኔም አንድ ጠዋት ሥራውን ለማየት ሄድኩ።

«አንቺ ኡስታዛ» አለችኝ፤ መምህር ሴትን ሱዳኖቹ እንዲያ ነው የሚሏት፣ የካምፑ ሰው ሁሉ ከእነርሱ ተቀብሎታል። «ይኼ ልጅሽ ቆሞ ሲያፈጥብን ውኃው ሳይቀር አፈረ። እየተሸከመ ይቁጠረን እንጂ!»

«ይሸከማላ፣ ስጭው።»

«ይሸከማል? በዚህ በቀጭን አንገቱ?» አለችና አንድ ሙሉ ጀሪካን አነሣችለት። ተሸክሞ ሄደ፤ ውኃው ጀርባው ላይ እየፈሰሰበት። ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። የምሥራቁ ሰዎች ሲስቁ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ተማሪዬ ወደ ሰሌዳው የተመለሰው መልሱን ይዞ ነበር። ያለውን ከሞላ ጎደል በቃሉ አስታውሳለሁ።

«በምሥራቅ በኩል ወረፋ የያዘውና ውኃውን የሚጠጣው አንድ አይደለም» አለ። «ሞት የገባበት ቤት ሰው ውኃ ሊቀዳ አይወጣም፤ ጎረቤት ነው የሚቀዳለት። በሀገራቸውም እንዲህ ነው፣ እዚህም አልተውትም። አንዲት ሴት የራሷንም የሐዘንተኞቹንም ጀሪካን ደርድራ፣ ሞልታ፣ እየተመላለሰች ታደርሳለች። ስለዚህ ሞት በበዛ ቁጥር በወረፋው የሚቆመው ሰው ያንሳል። እኛ ሰው ስለቆጠርን ምሥራቁ ውኃ የማይፈልግ መሰለን። ዕቃውን ቆጠርኩት፤ ከምዕራቡ ይበልጣል። አጭር ወረፋ ማለት ብዙ ለቅሶ ማለት ነው። የምሥራቁ ታንከር ከሁለቱ መነሣት የማይገባው ነው።»

ሰሌዳው ላይ የነበረው አንድም ቁጥር አልተለወጠም፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። በማስተማር ዘመኔ ለጉዳይ ጥናት ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት ለእርሱ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ተማሪ ግን ጥያቄ አነሣ። ሐዘን ያለባቸው ቤቶች ስንት እንደሆኑ በየቤቱ እየገባን ብንቆጥር ቀመሩ ይበልጥ አይጠራም ወይ አለ። ይጠራ ነበር። ሆኖም «ለቅሶ ቤት እርሳስ ይዞ የሚገባ ተማሪ የለኝም» አልኩት። ሰው ልጁን ቀብሮ በተቀመጠበት ደጃፍ ቆሞ ስንት ሞቱባችሁ ብሎ መጠየቅ ምርምር አይደለም። ዕቃ መቁጠሩ ይበቃ ነበር፤ የደረደሩት ዕቃ ለማን እንደሆነ ሴቶቹ ተጠይቀው ተናግረዋልና። ዛሬም ቢሆን እከለክላለሁ።

ክረምቱ ሲቃረብ ከውጭ ሀገር የመጣው የካምፑ የውኃ መሐንዲስ ችግር ገጠመው። የዚያ ሀገር ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማ ይውጣል፤ ወደ ምሥራቁ ታንከር የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዝቅ ያለ ነበር። ባለፈው ክረምት ሎሪዎቹ እየሰመጡ በትራክተር ሲጎተቱ ከርመዋል። መሐንዲሱ የምሥራቁን ታንከር አንሥቶ ከምዕራቡ ጎን ለመትከል ፈለገ። የካምፑ ሙዲር፣ ማለትም አስተዳዳሪው፣ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበር፤ ከዐረብኛ በቀር አይናገርም፣ ጠብም አይወድም። የምሥራቁ ሽማግሌዎች መጥተው እግሩ ላይ ስለወደቁ ያለ በቂ ምክንያት አላነሣም አለ። ምክንያት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ከረኩባችን የወጣው የጥናቱ ወሬ እዚህ ላይ ወደ መሐንዲሱ ደረሰ። ተማሪዬን ጠራው። እኔ ያወቅሁት ተማሪዬ ራሱ መጥቶ ሲነግረኝ ነው።

«እትዬ፣ የወረፋውን ጥናት በሙዲሩ ፊት እንዳቀርብ ጠየቀኝ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ደስ አለኝ። ይህን ቃል በጥንቃቄ ነው የምጠቀመው፤ ሱዳን ከገባሁ ጀምሮ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበርና። የምሥራቁ ታንከር ዳነ ብዬ አሰብኩ። በተማሪዬ አንደበት ሦስተኛው እርምጃ፣ የለቅሶ ቤቶቹ ነገር፣ ሲነገር ሙዲሩ የሚፈልገውን ምክንያት ያገኛል፤ ያም የማይነሣበት ምክንያት ይሆናል። አቀራረቡን አብረን ተለማመድን። የት እንደሚቆም፣ የትኛውን ቁጥር ቀድሞ እንደሚጽፍ፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ነገርኩት። መሐንዲሱ ከሀገሩ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ስደተኛ ተማሪ ወንበር ሊያስገኝ እንደሚችል በካምፑ የታወቀ ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር። ሁለቱን ነገሮች አላያያዝኳቸውም፤ ምክንያቱም የሚያያይዛቸው መረጃ አልነበረኝም።

ስብሰባው በሙዲሩ ቢሮ ሆነ። የምሥራቁ ሽማግሌዎች አልተጠሩም። እኔ የተጠራሁት እንደ እንግዳ ነበር፤ ወንበር ሰጡኝ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ አቀረቡልኝ። ተማሪዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በዐረብኛ ይናገራል። ንግግሩን በሙሉ ባልረዳም ሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን አነብ ነበር፤ ሒሳብ አስተርጓሚ አይሻም። የሁለቱን ወረፋዎች ቁጥር ጻፈ። አንደኛውን እርምጃ ሠራ። ሁለተኛውን ሠራ። ከአማካይ ቆይታው ሥር መስመር አሰመረ፤ የምዕራቡ ወረፋ በምን ያህል እንደሚረዝም አወጣ። ጽሕፈቱ ያምር ነበር።

ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠና የእጁን ብናኝ አራገፈ።

ጠበቅሁ። ውኃ ሊጠጣ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ሙዲሩ ራሱን እየነቀነቀ ለመሐንዲሱ አንድ ነገር ተናገረ። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ እንዳበቃ ገባኝ።

«ሦስተኛውን ንገራቸው» አልኩት በአማርኛ።

«እትዬ፣ እርሱ እዚህ አያስፈልግም።»

«ያስፈልጋል። እንግዲያው እኔ ልናገር፣ አንተ አስተርጉምልኝ።»

ወደ ሙዲሩ ዞሬ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። በምሥራቅ ያለው ወረፋ ያጠረው ሐዘንተኛ ስለማይቀዳና ጎረቤት ስለሚቀዳለት እንደሆነ፣ የተቆጠረው ሰው ከሚጠጣው ሰው እንደሚያንስ፣ ታንከሩ ቢነሣ ጎረቤት ያን ያህል መንገድ የሌላውን ውኃ ተሸክሞ መመላለስ እንደማይችል። ተማሪዬ እጆቹን አጣምሮ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ወደ ሙዲሩ ዞሮ ባጭሩ ተናገረ። ካለው ውስጥ አንዱን ቃል ለይቼ ሰማሁ፤ በካምፑ ማንም ሴት የምታውቀው ቃል ነው። ኡስታዛ ዘዕላና አለ። መምህርቷ አዝናለች።

ሙዲሩ ፊቱ ተለወጠ። መልካም ሰው ነበር። እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ «ማዕሌሽ፣ ማዕሌሽ» አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። ሻይ እንዲጨመርልኝ በእጁ ምልክት ሰጠ። ለሞቱት ማዘኔን አክብሮ ነበር የተመለከተኝ። ያቀረብኩት ማስረጃ ነበር፤ የተሰጠኝ ምላሽ ማጽናኛ ሆነ።

ወደ መሐንዲሱ ዞሬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። በትሕትና አደመጠኝ። «ይህን የሚያሳይ ቁጥር አለ?» ሲል ጠየቀ። በምሥራቁ ወረፋ የሚደረደረው ዕቃ ከምዕራቡ እንደሚበልጥ፣ የቆጠረውም ይኸው ተማሪ እንደሆነ ነገርኩት። መሐንዲሱ ፊቱን ወደ እርሱ መለሰ።

ተማሪዬ አላመነታም። «ዕቃ መቁጠር አያስተማምንም» አለ። «ሰዎች ተራ ለመያዝ የማይሞሉት ጀሪካን ይደረድራሉ። አንዳንዱ ድንጋይ ጭምር ያስቀምጣል።»

ይህ እውነት ነበር። እውነትነቱ ግን ለምዕራቡ ነው። በማይሞላ ዕቃ ተራ የምንይዘው እኛ ነበርን፤ የደምቢያዋ ሴት በምሥራቁ ወረፋ የማይሞላ ጀሪካን ያስቀመጠውን ወርውራ ትጥልበት ነበር፤ ተማሪዬ አጠገቧ ቆሞ አይቷል። ውሸት አልተናገረም። አንዱን እውነት አንሥቶ በሌላው ቦታ አስቀመጠው።

«ሐዘን ያለባቸው ቤቶችስ ተቆጥረዋል?» አለ መሐንዲሱ።

ተማሪዬ ቀና ብሎ አየኝና ለስለስ ባለ ድምፅ መለሰ። «አልተቆጠሩም። እንዳንቆጥር የከለከሉን መምህራችን ናቸው።»

መሐንዲሱ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ስንወጣ እንዲህ ያለ ተማሪ በማፍራቴ ልመሰገን እንደሚገባኝ ነገረኝ፤ ከልቡ ነበር።

በሀገሬ ሳለሁ ያሰሩኝ ሰዎች ከድተውኛል አልልም፤ ከእነርሱ የጠበቅሁት አልነበረምና። ክህደት የሚባለው ነገር ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከዳዩ እውነቱን ማወቅ አለበት። ተማሪዬ ባያውቅ ኖሮ ደካማ ተማሪ ብዬ አልፈው ነበር። ባልነግረው ኖሮ መምህርነቴን እጠይቅ ነበር። እርሱ ግን አውቋል፤ በእግሩ ሄዶ፣ በጀርባው ተሸክሞ፣ በራሱ አንደበት አስረድቶ። ማወቁን ደግሞ በሙሉ ነጥብ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። የት እንደሚቆም የማያውቅ ሰው ሁለተኛው እርምጃ ላይ እንዲያ በጥንቃቄ አያቆምም።

ታንከሩ የተነሣው በዚያው ሳምንት ነው። ሎሪ ላይ ሲጭኑት የምሥራቁ ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ዳር ቆመው ያዩ ነበር። የደምቢያዋ ሴት አጠገቧ ሳልፍ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረችኝ።

«ቆጠረን አሉ ልጅሽ።»

«ቆጠራችሁ።»

«ስንት ወጣን?»

መልሴን ሳትጠብቅ ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች።

ተማሪዬ ካምፑን ለቅቆ ወደ ካርቱም የሄደው ክረምቱ ሳይከብድ ነው። ወንበሩን አግኝቶ ነበር። ሊሰናበተኝ መጥቶ እንደ ወጉ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ቀና አለና በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ታንከሩ በማንኛውም መንገድ ይነሣ ነበር። ሎሪ አይገባም እኮ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«ይነሣ ነበር። ሎሪ አይገባም ተብሎ ይነሣ ነበር። ውኃ አያስፈልጋቸውም ተብሎ አልነበረም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሎሪ አይገባም ከተባለ ሌላ መንገድ ይፈለግላቸዋል። አያስፈልጋቸውም ከተባለ አይፈለግላቸውም።»

ከንፈሩን ነከሰ። አሁንም ያስብ ነበር፤ ያንን ልማዱን ማየት አስጠላኝ።

«አንድ ወንበር ነበር» አለ። «እርስዎ ዶክትሬትዎን ይዘው ነው የተሰደዱት። እኔ ምን ይዣለሁ?»

«ሦስተኛውን እርምጃ ረስተኸው ነበር?»

«እትዬ…»

«ረስተኸው ነበር ወይ?»

«አልረሳሁም።»

«እሺ» አልኩት። «ሎሪህ እንዳያመልጥህ።»

ሄደ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ጉዳዬ አይደለም። ጥሩ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ እንደሚደርስ አልተጠራጠርኩም ነበር።

የተከተለውን የምጽፈው ቆሜ ስላየሁት ነው። ታንከሩ ከተነሣ በኋላ የምሥራቁ ሴቶች ጭቃውን አቋርጠው ወደ ምዕራብ መምጣት ጀመሩ። መንገዱ ረጅም ስለነበር አንዲት ሴት በጠዋቱ ውስጥ ደርሳ የምትመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ የራሷን ታደርሳለች፣ የጎረቤቷ ይቀራል። ቀድሞ የለቅሶ ቤቶችን ዕቃ ሁሉ ሲያመላልሱ የነበሩት ጉልበታቸው ከዳቸው። ሐዘንተኞቹ ውኃ ሳያገኙ ውለው አደሩ። ከዚያ እየተነሡ ራሳቸው መምጣት ጀመሩ።

ሐዘንተኛ ሴት ከሩቅ ትለያለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ ነው የምትመጣው። የመጀመሪያዋ ስትመጣ የምዕራቡ ወረፋ በሙሉ ተንቀሳቀሰ። ሁሉም ዕቃውን ወደ ጎን ሳበ፤ አንዲት ሴት ጀሪካኗን ተቀብላ ሞላችላት፣ ሌላዋ እስከ መንገዱ እኩሌታ ተሸከመችላት። አንድ ወታደር የነበረ ሰው ኮፍያውን አውልቆ እስክትሄድ ቆመ። በቀጣዮቹ ቀናት የመጡትንም እንዲሁ አሳለፏቸው። እያደር ግን በዙ። ሐዘንተኞቹን እያሳለፈ የቆመው ሰው ታንከሩ ሲደርቅ ባዶ ዕቃውን ይዞ መመለስ ጀመረ። ማጉረምረም መጣ። አንዲት ሴት «የእኔም ልጅ ታሟል እኮ፣ ሞቶ ካልመጣሁ አልቀዳም ማለት ነው?» ስትል ሰማኋት።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ካባራ በኋላ እኔም ወረፋ ላይ ነበርኩ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት መጣች። ገና ልጅ እግር ነበረች። ከወረፋው ራስ አጠገብ ቆማ ጠበቀች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚደረገው እንዲያ ነበርና። ማንም ዕቃውን አልሳበም። ፊት ለፊት ያሉት ወደ ቧንቧው ያዩ ነበር። ትንሽ ቆይታ ገባትና በወረፋው ጎን እየሄደች ወደ ኋላ ዞረች፤ ከእኔ ኋላ ካሉት ሁሉ ኋላ ቆመች። ቦታዬን ልሰጣት ዞሬ ጠራኋት። አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታ አልፈለገችም።

በዚያው ሰሞን የመሐንዲሱ ሰው መጥቶ ወረፋውን ቆጠረ። ከጥናቱ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘው ተብሎ ተነገረኝ። አልተደነቅሁም። የተማሪዬ ስሌት የቆመበት ታሳቢ አንድ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ይቀዳል የሚል። በሙዲሩ ቢሮ በተጻፈ ቀን ታሳቢው ሐሰት ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ እውነት ሆነ። ወረፋው ፈቀቅ ሲል ልጅ እግሯ ሴት ጎንበስ አላለችም፤ ባዶ ጀሪካኗን በእግሯ ወደ ፊት ገፋችው።